«ሌላውን ጉንጭ አዙሩ» ያሉ ሽማግሌዎች የዘለሉት ነገር

ጥያቄው ይህ ነው፦

«መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከጅማ ነው፤ ወደ ጅሬን መውጫ ላይ ነው የምንኖረው። ክረምቱ እንደወጣ ጎረቤታችን አጥር አድሳለሁ ብሎ አጣናውን ወደ እኛ ግቢ ከአንድ ሜትር በላይ አስገብቶ ተከለው። ድሮ ድንበሩ የአቮካዶው ዛፍ ነበር። አሁን ዛፉ እሱ ግቢ ገብቷል። ባለቤቴ ሄዶ ሲናገረው በሰው ፊት በጥፊ መታው። ሰውየው የቤተ ክርስቲያናችን አባል ነው። ሽማግሌዎች መጥተው ‹ሌላውን ጉንጭ አዙሩ፣ ለአንድ ሜትር መሬት የጌታን ስም አታሰድቡ› ብለው ጸልየው ሄዱ። ወንድሜ ደግሞ ‹ልጆች ሰብስቤ አጥሩን እነቅላለሁ፣ እሱንም አሳየዋለሁ› ይላል። ‹ጌታ ራሱ ጅራፍ አንስቷል፣ ሰይፍ ግዙም ብሏል› ይለኛል። ድንበሩን ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁት ከማዶ ያሉት ሐጂ ናቸው። ሽማግሌዎቹ ግን የቤታችን ጉዳይ ነው ብለው አልጠሯቸውም። መክሰስ ኃጢአት ነው? ወንድሜንስ ምን ልበለው? ሰውየውን መንገድ ላይ ሳገኘውስ ሰላም ልበለው? እውነቱን ልንገርዎት፣ ፊቱን ሳየው ያቅለሸልሸኛል።»

እህቴ፣ አጭሩን መልስ ላስቀድም። መክሰስ ኃጢአት አይደለም። ወንድምሽ ያሰበው ግን ነው። ስለ ሰላምታው መልሴ «አዎ» ነው፤ እንዴት የሚለውን ወደ መጨረሻው እነግርሻለሁ። ሽማግሌዎቹ የጠቀሱት ቃል የጌታ ቃል ነው፣ አልዋሹም። ግን የተመታውን ሰው «ጉንጭህን አዙር» ሲሉት፣ የመታውን «እጅህን ሰብስብ» አላሉትም። አጥሩን መልስም አላሉትም።

ይህን የምጽፈው ከእነሱ ተሽዬ አይደለም። አዲስ ኪዳን ማስተማር ከጀመርኩ 20 ዓመት አልፎኛል። ሽምግልናም እዚሁ ጅማ ብዙ ተቀምጫለሁ። ከዓመታት በፊት አንዲት እህት ባሏ እንደሚመታት ልትነግረን መጣች። ሦስት ሆነን ተቀምጠናል፣ ቡናም ተፈልቷል። የተናገርኩት እኔ ነበርኩ። «ቻዪው፣ በፍቅር አሸንፊው» አልኳት። ሮሜ 12ን ገልጬም አነበብኩላት። ሁለተኛ ጊዜ ስትመጣ እጇ በጀሶ ታስሯል። አልወቀሰችኝም። «መምህር፣ ያነበቡልኝ ምዕራፍ ስንት ነበር?» ብቻ አለችኝ። እኔም ያንን ክፍል ከነአካባቢው እንደ አዲስ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

እስቲ ቃሉን እንየው። ማቴዎስ 5፥39 «ቀኝ ጉንጭህን በጥፊ ለሚመታህ ሁሉ ሁለተኛውን ደግሞ አዙርለት» ይላል። ለምን ቀኝ? ባለቤትሽ ፊት ቆመሽ እጅሽን አንሺ (ሳትመቺው!)። በቀኝ እጅ የሚማታ ሰው መዳፉ የሚያርፈው ግራ ጉንጭ ላይ ነው። ቀኝ ጉንጭን ለማግኘት በእጁ ጀርባ መምታት አለበት። በዚያ ዘመን በእጅ ጀርባ መምታት ከጉዳቱ ይልቅ ውርደቱ ነበር የሚያመው። ጌታ ባሪያውን፣ የበላይ የበታቹን የሚመታው እንደዚያ ነው። በ200 ዓ.ም. አካባቢ የተሰበሰበው ሚሽና የሚባለው የአይሁድ የሕግ መጽሐፍ ለዚህ ዋጋ ሳይቀር ቆርጦለታል፤ በመዳፍ ለተመታ ካሳው 200 ዙዝ (የዚያ ዘመን ገንዘብ) ሲሆን፣ በእጅ ጀርባ ለተመታ 400 ዙዝ ነው። ስድቡ እጥፍ ያስከፍላል ማለት ነው።

እንግዲህ እንዲህ የተመታ ሰው ያለው ምርጫ ሁለት ይመስላል። አንገቱን ደፍቶ መሄድ፣ ወይም መልሶ መምታት። ጌታ ያሳየው ሦስተኛ መንገድ ነው። አትሸሽም፣ አትመታም፤ ቀና ብለህ ትቆምና ሌላውን ጉንጭ ታሳየዋለህ። «አልተዋረድኩም፣ እንዳንተም አልሆንም» እንደማለት ነው።

አንዳንድ ሊቃውንት ይህን ትርጓሜ በጣም ይወዱትና ጌታን የትግል ስልት አሠልጣኝ ያስመስሉታል። እኔ እስከዚያ አልሄድም። ሉቃስ 6፥29 ያንኑ ቃል ሲጽፍ «ቀኝ» የሚለውን አላስገባውም። ስለዚህ ትምህርቱ በሙሉ በእጅ ጀርባ ላይ ሊቆም አይችልም። ዋናው ነጥብ ግን በሁለቱም ወንጌል አንድ ነው፤ በቀል የለም።

አጠገቡ ያሉት ሁለት ምሳሌዎችም እንደዚያው ናቸው። እጀ ጠባብህን ከሶ ሊወስድ ለሚፈልግ መጐናጸፊያህንም ተውለት ይላል። የኦሪት ሕግ የድሀን ልብስ በመያዣነት የወሰደ ሰው ፀሐይ ሳትገባ እንዲመልስ ያዝዛል፤ ሌሊቱን የሚለብሰው እሱ ብቻ ነውና። ቀጥሎ አንድ ምዕራፍ መንገድ እንድትሄድ ለሚያስገድድህ ሁለተኛውን ጨምርለት ይላል። የሮም ወታደር መንገደኛውን አስቁሞ ዕቃ ማሸከም ይችል ነበር። የቀሬናውን ስምዖን መስቀል ተሸከም ብለው ሲያስገድዱት ማቴዎስ የተጠቀመው ቃል ራሱ ያ ነው። ለዘማች ጦር ስንቅ የተሸከመ የሀገራችን ገበሬ ይህን ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። በሦስቱም ምሳሌ ተበዳዩ በራሱ ፈቃድ የሆነ ነገር ያደርጋል እንጂ ፈዞ አይቀመጥም።

«ክፉውን አትቃወሙ» የሚለውስ? ይህ ቃል ብዙ ሰው አስሯል። በግሪክኛው ያለው ግስ ግን ገላትያ 2፥11 ላይም አለ። ጳውሎስ ጴጥሮስን አንጾኪያ ላይ «ፊት ለፊት ተቃወምሁት» ሲል የተጠቀመው ያንኑ ግስ ነው። ያዕቆብም «ዲያብሎስን ተቃወሙ» ሲል ያንኑ ነው የሚጠቀመው። መቃወም ሁሉ ቢከለከል ኖሮ ሐዋርያቱ የመጀመሪያዎቹ ጥፋተኞች ይሆኑ ነበር። የተከለከለው ምን እንደሆነ የሚነግረን ከላይ ያለው ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ዓይን ስለ ዓይን»። ክፋትን በዚያው በክፋት መመለስ ነው የተከለከለው።

ዓይን ስለ ዓይንም ቢሆን ሲወጣ ጨካኝ ሕግ አልነበረም፤ ልጓም ነበር። ዘፍጥረት 4 ላይ ላሜሕ የሚባል ሰው ሚስቶቹን ሰብስቦ ይፎክራል። ስላቆሰለኝ ገደልኩት፣ የእኔ በቀል ሰባ ሰባት እጥፍ ነው ይላል። ሕጉ መጥቶ ለአንድ ዓይን አንድ ዓይን ብቻ፣ ከዚያ አትለፍ አለ። ጌታ ደግሞ አንዷንም አስቀራት። ጴጥሮስ «ስንት ጊዜ ይቅር ልበል?» ሲለው «እስከ ሰባ ጊዜ ሰባት» ያለው የላሜሕን ቁጥር ገልብጦ ነው። ደም መላሽነትን ለምናውቅ፣ ጉማ ምን እንደሆነ ለምናውቅ ሰዎች ይህ ሩቅ ታሪክ አይደለም። የወንድምሽ «አሳየዋለሁ» የላሜሕ ቋንቋ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ማስረጃ ልምጣ። ጌታ ራሱ በጥፊ ተመቷል። ዮሐንስ 18 ላይ በሊቀ ካህናቱ ፊት ቆሞ ሳለ አንድ ሎሌ መታው። ምን አደረገ? ሌላውን ጉንጭ አዞረ የሚል የለም። ዝምም አላለም። «ክፉ ተናግሬ እንደ ሆንሁ ስለ ክፉ መስክር፤ መልካም ተናግሬ እንደ ሆንሁ ግን ስለ ምን ትመታኛለህ?» አለው። ማስረጃ ጠየቀ። በጉባኤ ፊት፣ ቀና ብሎ፣ ሳይሳደብ ጠየቀ። ያ ሎሌ መልስ አልነበረውም። ባለቤትሽ በዚያ ቀን ከተመታ በኋላ ሽማግሌ ፊት ቀርቦ «ለምን መታኸኝ?» ቢል ጌታን መሰለ እንጂ ቃሉን አላፈረሰም።

ጳውሎስም እንዲሁ ነው። ፊልጵስዩስ ላይ ያለ ፍርድ ገርፈው አሰሩት። በማግስቱ በስውር ሊያሰናብቱት ሲሉ እንቢ አለ። የሮም ዜጎች ሆነን በሕዝብ ፊት ገርፈውን አሁን ተደብቀው ሊያወጡን? አይሆንም፤ ራሳቸው መጥተው ያውጡን አለ። ባለሥልጣኖቹ መጥተው ለመኗቸው። በኋላም ኢየሩሳሌም ውስጥ እንደማይፈረድለት ሲያይ ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል። «ክፉውን በመልካም አሸንፍ» ብሎ የጻፈው ይኸው ሰው ነው። ፍርድ መጠየቅንና ጠላትን መውደድን በአንድ ልብ ይዟቸው ነበር።

«ውደዱ» የሚለው ቃል ራሱ ሌላ ችግር ነው። በአማርኛ መውደድ ስንል ልብ ውስጥ ያለ ሙቀት ነው የሚታየን። ፊቱን ስታዪው ካቅለሸለሸሽ «እንግዲህ አልወደድኩትም፣ ትእዛዙን አፈረስኩ» ብለሽ ትጨነቂያለሽ። ወንጌሉ ግን የሚጠይቀው ድርጊት ነው። ዘጸአት 23 ላይ የጠላትህ በሬ ወይም አህያ ጠፍቶ ብታገኘው መልስለት ይላል። የሚጠላህ ሰው አህያ ከጭነቱ በታች ወድቆ ብታይ አብረህ አንሣው ይላል። ሰውየውን ቤትህ ጠርተህ አጉርሰው አላለም። አህያውን አንሣ ነው ያለው። እየተበሳጨሽም ቢሆን አህያ ማንሣት ትችያለሽ። ይህ ከተራራው ስብከት ብዙ መቶ ዓመታት ቀድሞ የተጻፈ ሕግ ነው። ጌታ «ሰምታችኋል» ብሎ ያነሣው «ጠላትህንም ጥላ» የሚል ትእዛዝ ግን በኦሪት ውስጥ የለም። ሰው ጨምሮበት ነው። የሙት ባሕር ጥቅልሎች የሚባሉት የጥንት አይሁድ ጽሑፎች ከተገኙ ወዲህ የጨለማ ልጆችን ጥሉ ብሎ የሚያስተምር ማኅበር በዚያ ዘመን እንደነበረም ታውቋል።

«ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ» የሚለው ከየት እንደመጣ ታውቂያለሽ? ዘሌዋውያን 19፥18። ከዚያ በፊት ያለውን ቁጥር ግን ማንም አይሰብከውም። ወንድምህን በልብህ አትጥላው፣ ባልንጀራህን ገሥጸው ይላል። ቀጥሎ አትበቀል፣ ቂም አትያዝ ይልና ከዚያ ውደደው ይላል። መገሠጽና መውደድ የአንድ ትንፋሽ ነገር ናቸው። ሽማግሌዎቹ የዘለሉት ይህንን ነው። ጎረቤትሽን ሳይገሥጹት መሄዳቸው እሱንም አልጠቀመውም። ዘዳግም 27 የባልንጀራውን የድንበር ምልክት የሚነቅል ርጉም ይሁን ይላል። አንድ ሰው በዚህ ቃል ሥር ተኝቶ እንዲያድር ዝም ብሎ መተው ምን ዓይነት ፍቅር ነው?

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ይህን ቢያነብ «1ኛ ቆሮንቶስ 6ስ?» ማለቱ አይቀርም። ተገቢ ጥያቄ ነው። ጳውሎስ እዚያ ምእመናን እርስ በርስ በአሕዛብ ዳኛ ፊት ሲካሰሱ «ብትበደሉ አይሻልምን?» ይላል። ግን ሦስት ነገር ልብ በዪ። አንደኛ፣ ከመካከላችሁ ሊዳኝ የሚችል አንድ አስተዋይ ሰው የለም ወይ ብሎ ያሳፍራቸዋል። ዳኝነቱን ወደ ቤት ያስገባዋል እንጂ ዳኝነት ይቅር አይልም። ጸልዮ መሄድ ደግሞ ዳኝነት አይደለም። ሁለተኛ፣ ወዲያው ዞሮ በዳዮቹን «እናንተ ትበድላላችሁ፣ ያውም ወንድሞቻችሁን» ይላቸዋል። ይህን ቁጥር ለጎረቤትሽ ማን አነበበለት? ሦስተኛ፣ መተው ይሻላል የሚለው ምክር ለተበዳዩ ነው የተሰጠው፣ በራሱ ነጻ ፈቃድ እንዲያደርገው። ሌላ ሰው ስለ አንቺ ሊተውልሽ አይችልም።

መተው የምትችሉ ከሆነ ትልቅ ነገር ነው። አላንቋሽሸውም። ግን በግልጽ ይሁን። ሽማግሌ ባለበት ባለቤትሽ «ይህ ሜትር የእኛ እንደሆነ አንተም ታውቃለህ፣ እኛም እናውቃለን፤ በፈቃዳችን ሰጥተንሃል» ይበለው። ያ መጐናጸፊያ ነው። ፈርታችሁ ወይም አፍራችሁ ብትተዉት ግን ሆድ ይፍጀው ነው የሚሆነው። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ያሉት አባቶች ምን እንደሚያወሩ ያውቁ ነበር።

ካልተዋችሁት ማቴዎስ 18ን ተከተሉ። ባለቤትሽ ብቻውን ሄዶ ተናግሮታል፤ ውጤቱ ጥፊ ሆነ። ቀጣዩ ደረጃ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር ነው። ሽማግሌዎቹን መልሳችሁ ጥሩ። በዚህኛው ዙር ግን ሜትር ይዘው ይምጡ፣ የይዞታ ካርታችሁም ይቅረብ፣ ሐጂም ይጠሩ። «የቤታችን ጉዳይ ነው» የሚለው አነጋገር አልገባኝም። ምስክር የሚፈለገው እውነቱን የሚያውቅ ከሆነ፣ የዛፉን ዕድሜ የሚያውቁ ሰው በሃይማኖታቸው ምክንያት ከበር ይመለሳሉ? ጌታ ባልንጀራ ማን ነው ተብሎ ሲጠየቅ ሳምራዊ ነው የጠራው።

እምቢ ካለ ፍርድ ቤት አለ። እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ ጠበቃ ጠይቁ። አንድ ነገር ግን ልጠቁም። «ሁከት ይወገድልኝ» የሚባለው ክስ በፍትሐ ብሔር ሕጉ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ መብቱ ያልፋል። «ጌታ ይይለት» እያላችሁ ቀኑን እንዳታሳልፉት።

ከስሰው ጠላታቸውን የወደዱ ሰዎች አሉ ወይ ትይኝ ይሆናል። አሉ። እ.ኤ.አ. ጥር 30 ቀን 1956 አሜሪካ ሞንትጎመሪ ከተማ የማርቲን ሉተር ኪንግ ቤት ላይ ቦምብ ተወረወረ። ሚስቱና ጨቅላ ልጁ ውስጥ ነበሩ፤ ተረፉ። የተቆጣ ሕዝብ ተሰበሰበ፤ መሣሪያ የያዘም ነበር። ኪንግ በረንዳው ላይ ቆሞ መሣሪያችሁን ይዛችሁ ወደ ቤታችሁ ሂዱ፣ ጠላቶቻችንን መውደድ አለብን አላቸው። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ከሁለት ቀን በኋላ፣ የካቲት 1፣ የዘር መለያየቱን ሕግ የሚቃወም ክስ በፌዴራል ፍርድ ቤት መከፈቱን ግን ብዙ ሰው አያነሳውም። አውቶቡስ አንሳፈርም ማለቱም 381 ቀን ቆየ። በመጨረሻም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፈረደላቸው። በረንዳው ላይ የተነገረውና ፍርድ ቤት የገባው ወረቀት የአንድ እንቅስቃሴ ሁለት እጆች ነበሩ።

የራሳችንም ሰው አለ። ጉዲና ቱምሳ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ደርግ በቤተ ክርስቲያን ላይ የሚያደርሰውን ሳይፈሩ ተናገሩ፣ ታሰሩ። ከሀገር የመውጣት ዕድል ሲያገኙ መንጋዬን ትቼ አልሄድም አሉ። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ታፍነው ተገደሉ። እጃቸው ላይ መሣሪያ አልነበረም፤ አፋቸው ግን አልተዘጋም።

ወደ ወንድምሽ ልምጣ። የያዛቸው ጥቅሶች ሁለት ናቸው። ጅራፉ ዮሐንስ 2 ላይ አለ፤ በጎቹንና በሬዎቹን ለማስወጣት ነው። ሰው ተገረፈ የሚል የለም። ሰይፉ ሉቃስ 22 ላይ ነው። ደቀ መዛሙርቱ «ሁለት ሰይፎች አሉ» ሲሉት «ይበቃል» አለ። ለዐሥራ አንድ ሰው ሁለት ሰይፍ ይበቃል? ለጦርነት አይደለም ማለት ነው። ጥቂት ሰዓት ሳይቆይ ጴጥሮስ አንዱን መዞ የማልኮስን ጆሮ ሲቆርጥ ጌታ ከለከለው፤ ጆሮውንም ፈወሰ። ሊይዙት ከመጡት አንዱን ፈወሰ! ሊታሰር ሁለት ደቂቃ ሲቀረው። «ሰይፍ የሚያነሡ ሁሉ በሰይፍ ይጠፋሉ» ያለውም እዚያው ነው።

ሐቀኛ ልሁንና፣ ክርስቲያኖች በኃይል መጠቀም ላይ አንድ ድምፅ ኖሯቸው አያውቅም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት መቶ ዓመታት የጻፉት አባቶች ደም ማፍሰስን ይጸየፉ ነበር። ጠርጡልያኖስ ጌታ የጴጥሮስን ትጥቅ ሲያስፈታ የወታደሩን ሁሉ ትጥቅ አስፈታ ብሏል። በዚያው ዘመን ግን በሠራዊት ውስጥ ያገለገሉ ክርስቲያኖችም ነበሩ። ቄሣሮቹ ክርስቲያን ሲሆኑ ነገሩ ተቀየረ። አውግስጢኖስ ጦርነት በሕጋዊ ሥልጣን፣ ለፍትሕ ከሆነ ሊፈቀድ ይችላል አለ። የእኛም ቤተ ክርስቲያን በ1888 ዓ.ም. የጊዮርጊስን ታቦት ይዛ ዓድዋ ወርዳለች፤ ይህን የሚያፍርበት ኢትዮጵያዊ አላገኘሁም፣ እኔም አላፍርበትም። በሌላ ወገን መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የተያያዘችበት የሜኖናውያን ወገን መሣሪያ አናነሣም ብሎ ለ500 ዓመት ገደማ ጸንቷል። ከእነሱ አንዱ ዲርክ ቪለምስ የሚባል ሆላንዳዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1569 ከእስር አምልጦ በበረዶ በተሸፈነ ውኃ ላይ ሲሸሽ፣ የሚያሳድደው ጠባቂ በረዶው ተሰብሮ ሰመጠ። ዲርክ ተመልሶ አወጣው። ያዙትና በእሳት አቃጠሉት። ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ ስነግር ግማሹ ያለቅሳል፣ ግማሹ «ሞኝ!» ይላል። ሁለቱንም እረዳቸዋለሁ።

ጦርነትን በተመለከተ ክርክሩ አላለቀም። ለወንድምሽ ግን ክርክሩ አይጠቅመውም። ጦርነትን የፈቀደው አውግስጢኖስ እንኳ በአንድ ደብዳቤው ላይ ተራ ሰው ራሱን ለማዳን ብሎ መግደሉን አልወደደውም፤ ለወታደርና ለባለሥልጣን እንጂ። ልጆች ሰብስቦ ጎረቤት ለመደብደብ ፈቃድ የሚሰጥ የቤተ ክርስቲያን መምህር ከየትኛውም ወገን አታገኙም። ሮሜ 13 ሰይፍ የሰጠው ለመንግሥት ነው፣ ለሰፈር ልጅ አይደለም።

ይህን ደግሞ ጅማ ላይ ሆነን በቀላሉ መናገር የለብንም። የሁለት ሰው ጠብ የሁለት ሰው ሆኖ አይቀርም። በ2003 ዓ.ም. በአሰንዳቦ አካባቢ አንድ ወሬ ተነሥቶ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ ብዙ ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ። ወንድምሽ የሚሰበስባቸው ልጆች የማን ልጆች እንደሆኑ፣ ጎረቤትሽ ደግሞ የማንን እንደሚሰበስብ አስቢው። ንገሪው። ጉልበቱ ከተረፈው ሜትር ይዞ ይምጣና ይለካ። ካርታውን ፎቶ ኮፒ ያስነሣ። ቢሮ ለቢሮ መመላለስ ከድብድብ የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ጉልበቱ እዚያ ይለቅ።

ሰውየው ከዚህ በኋላ ለመማታት ቢመጣስ? መሸሽ፣ በር መዝጋት፣ ጩኸት ማሰማት፣ ፖሊስ መጥራት ሁሉ ይፈቀዳል። ጌታ ራሱ ሊወግሩት ሲሉ ተሰውሮ ከመቅደስ ወጥቷል። ጳውሎስም በቅርጫት በቅጥር ወርዶ አምልጧል።

አሁን ሰላምታው። ማቴዎስ 5፥47ን ስናነብ ቶሎ እናልፈዋለን፤ «ወንድሞቻችሁንም ብቻ እጅ ብትነሡ ምን ብልጫ ታደርጋላችሁ?» ይላል። ጠላትን ስለ መውደድ ከሰጠው ምሳሌ አንዱ ሰላምታ ነው። ሀገራችን ደግሞ የሰላምታ ሀገር ናት፤ ሰላም መንፈግ ምን ማለት እንደሆነ ማንም አይነግረንም። ስለዚህ ሰላም በዪው። ትከሻ መሳም አይጠበቅብሽም። «ደህና አደርክ» ብለሽ እለፊ። ማቅለሽለሹ ቢመጣም ይምጣ፤ ሆድሽን ማንም አይጠይቅሽም። ከስሳችሁትም ቢሆን ሰላም በዪው። እንዲያውም የፍርድ ቤቱ ደጅ ላይ ስትገናኙ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ቤቱ ኀዘን ቢገባ ሂጂ። ልጁ ቢታመም ጠይቂ። «ጠላትህ ቢራብ አብላው» የሚለው ይኸው ነው። ቀጥሎ «በራሱ ላይ የእሳት ፍም ትከምራለህ» ይላል። አንዳንድ ሰባኪ ይህ ለጎረቤት እሳት መስጠት ነው ይላል። ድሮ እሳት ሊጭር ጎረቤት የሚሄድ ሰው ላለበት ሀገር ደስ የሚል ትርጓሜ ነው፤ ጽሑፉ ላይ ግን የለም። የኅፍረትና የጸጸት እሳት ነው የሚለው ይሻለኛል። ለማቃጠል ብለሽ ግን አታብዪው፤ እሱ ሌላ ዓይነት በቀል ነው።

ጸልዪለትም። ረጅም መሆን የለበትም። እኔ አንድ ሰው ላይ ቂም ይዤ በነበረበት ጊዜ ስሙን ብቻ እጠራና «አቤቱ፣ ይኸው» እል ነበር። ሌላ ቃል አይወጣኝም ነበር። ለወራት እንደዚያ ቆየሁ።

ሽማግሌዎቹን ለቅዳሜ ጥሯቸው። ሐጂ ዘንድ ቀድመሽ ሄደሽ አንቺው ራስሽ ንገሪያቸው፤ መልእክተኛ አትላኪ። ዓርብ ግን አይሁን፣ ጁምዓ ነው።